የመዝገብ ቤቱ ሲላስ እና ርጥብ ሥዕሉ

ስማ! ያልሰማህ ተጠጋ፤ የሰማህም እንዳልሰማህ ሆነህ እንደገና ስማ! ከቡሌ ብርድ እስከ ወርቃ ቡና ድረስ የተዘረጋህ የዲላና የዙሪያዋ ሕዝብ፣ ሻጭና ሸማች፣ አስተማሪና ባጃጅ ነጂ፣ እድርተኛና ከእድር የተቀጣህ ሁሉ! ከዛሬ ጀምሮ ሲላስ የሚባል አንድ ሰው መኖሩ በይፋ ታውጇል። ይህ ሲላስ በአንድ መሥሪያ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሥራ አንድ መደርደሪያ ገዢ፣ የአቧራ ጠቅላይ አዛዥ፣ በሁለት ቁልፍና በአንድ ማኅተም ላይ ባለሙሉ ሥልጣን ነው። ቁመቱ ከመደርደሪያው አራተኛ ረድፍ አያልፍም። ከእንግዲህ ወዲያ «የትኛው ሲላስ?» ብሎ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው በታሪክ ፊት ይጠየቃል።

ታሪክ ግን ሥራ ስለሚበዛባት እስካሁን ማንንም አልጠየቀችም።

ዐዋጁ ያለ ምክንያት አልታወጀም። ሲላስ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ምድር ላይ ሲመላለስ ልብ ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ቡሌ ተወለደ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበርና እናቱ እሱን ለመጥራት መጀመሪያ የሦስቱን ታላላቆቹን ስም መጨረስ ነበረባት፤ ሦስቱም «አቤት» ሲሉ እሱ ቀድሞ ውኃውን ቀድቶ ይመጣል። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ መምህሩ ቀና ሳይሉ ምልክት ያደርጉለት ስለነበር፣ ታሞ በቀረባቸው ቀናት እንኳ «አለ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዲላ ወርዶ ሥራ ሲይዝ ደግሞ የተመደበበት ክፍል፣ ሰው ፋይሉ ሲጠፋ ብቻ የሚያስታውሰው ክፍል ሆነ። ባለጉዳይ በመስኮቷ ቀዳዳ እጁን ያስገባል፤ «አንተ ልጅ፣ ፋይሌን!» ይላል፤ ሲላስ ያመጣል፤ እጁ ፋይሉን ይዞ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት አለፈ። ዲላ ሲላስን የምታውቀው በእጁ፣ ሲላስም ዲላን የሚያውቃት በእጇ ብቻ ነበር።

ሚዜነቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ስድስት ጊዜ ሚዜ ሆኗል። የልብ ጓደኛ ተብሎ የተጠራበት ሰርግ ግን የለም፤ አራተኛ ሚዜ ሲጎድል «ሲላስ አለ አይደል?» ተብሎ ነው። የሙሽራው ወገን ያዘጋጀው ኮት ሁልጊዜ ከእሱ ለሚሰፋ ሰው የተለካ ነው። ፎቶ ሲነሣ ዳር ያቆሙታል፤ ካሜራ ደግሞ ዳር ላይ ለቆመ ሰው ርኅራኄ የለውም። በስድስቱም አልበሞች ውስጥ የሚገኘው ሲላስ ቢሰበሰብ አንድ ግራ ጆሮ፣ ሁለት ትከሻና አንድ አበባ የያዘ እጅ ነው። ከዚህ ደግሞ ሙሉ ሰው አይወጣም።

በመስኮቷ ቀዳዳ እጇን ሳይሆን ፊቷን ያስገባች አንዲት ባለጉዳይ ብቻ መጣች። ትንቢት ትባላለች፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የትምህርት ማስረጃዋ ጠፍቶባት ነበር። ሲላስ በአንድ ሰዓት ውስጥ አግኝቶ ሲያቀብላት «ስምህ ማን ነው?» አለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ድንገት ሲጠየቅ ሰውዬው መልሱ ጠፋበት። «ቆዪ» አላት፤ ፋይል የሚፈልግ ይመስል ወደ መደርደሪያው ዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ጁስ ቤት፣ ከጁስ ቤት ድልድዩ ድረስ በእግር፣ ከድልድዩ ተመልሶ ጁስ ቤት። ዓመት ተኩል።

ከዓመት ተኩል በኋላ ጉዳዩ ሽማግሌ የሚላክበት ደረጃ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው የትንቢት እናት፣ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ መንገዱን የዘጉት። ወይዘሮ አመለወርቅ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ የማያውቁት ሰው ዲላ ውስጥ እንደሌለ ራሳቸው ይናገራሉ።

«እማዬ፣ ሲላስን ታውቂዋለሽ?» አለቻቸው ትንቢት አንድ ቀን።

«የትኛው ሲላስ?»

«በእነ መነን ሰርግ ሚዜ የነበረው።»

አልበሙ ወጣ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ፤ ጣታቸው ከሙሽራው ተነሥቶ ሚዜ በሚዜ እየዘለለ የፎቶው ጠርዝ ላይ ደረሰ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«ይቺ ጆሮ?»

«እማዬ፣ ዳር ቆሞ ስለነበር ነው።»

«ልጄ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «ለጆሮ ልጅ አይሰጥም።»

ትንቢት ይህን ስትነግረው ሲላስ ሳቀ። ማታ ቤቱ ገብቶ ግን በመስታወት ውስጥ የግራ ጆሮውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። ምንም አልጎደለውም። ጆሮ ነው።

ሠዓሊው ጓንጉል የመጣው በዚህ ሰሞን ነው። ጓንጉልን ያላየ ሰው ሥራውን አይቷል፤ በጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ያለው ሳቂታ መንጋጋ የእሱ ነው፤ በዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢላ እያየች የምትስቀውም ዶሮ የእሱ ናት። ይህ ግን ለእንጀራው ነው። ለነፍሱ ሲሆን ቤቱን ይዘጋና አኳራጅ የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ በሚሸት ክፍል ውስጥ በዘይት ቀለም የሰው ፊት ይሥላል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ፈቃዱ ፋይል ጠፍቶበት ሦስት ቀን ሲመላለስ፣ ሲላስ ከእንስሳት ክትባት መዝገቦች መካከል ፈልጎ አወጣለት።

«ሌላ የምሰጥህ የለኝም» አለ ጓንጉል። «ና ልሳልህ።»

ሲላስ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ሙሉ ፊቱን፣ ከነሁለት ጆሮው፣ መሐል ላይ ተቀምጦ! ሥዕሉ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ወይዘሮ አመለወርቅ ሳሎን ይገባል፤ ሽማግሌዎቹ «ልጃችን ሲላስ» ሲሉ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ይቀስራሉ፤ «የትኛው?» የሚል ጥያቄ በዚያው ይሞታል። ዕቅዱ ይህ ነበር። ከዕቅዱ ውስጥ የሞተው ግን ጥያቄው አልነበረም።

አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀመጠ። ጓንጉል በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተቀማጭ አላጋጠመውም። ሌላው ሰው ይነቃነቃል፣ ስልኩን ያያል፣ «አለቀ?» ይላል። ሲላስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ልክ እንደ ፋይል ይቀመጣል።

«ተንፍስ እንጂ!» ይለዋል ጓንጉል አልፎ አልፎ።

«ይቻላል?»

በአራተኛው ቅዳሜ ሸራው ሲዞርለት ሲላስ ከወንበሩ ተነሥቶ ቀረበ። የበር ግማሽ የሚያህል ሥዕል ነው። የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ፣ አውራ ጣቱ ላይ የማኅተም ቀለም፣ ከኋላው ባዶ ግድግዳ። ከሩቅ ስሙ ተጠርቶ፣ የተጠራው እሱ መሆኑን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ዓይን ነው ያለው። ሁለቱም ጆሮዎች በቦታቸው አሉ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው።

«ጓንጉል፣ ጉንጬ ላይ ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነው።»

«ጥላ ጥቁር አይደለም እንዴ?»

«ለማያይ ሰው ጥቁር ነው።»

«ከዓይኔ ሥር ያለው ሰማያዊስ?»

ጓንጉል ብሩሹን ጠረገ። «እሱ እንኳ አንተ ነህ» አለው።

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሥዕሉ ለሳምንታት ርጥብ እንደሚሆን፣ በሲላስ ኪራይ ቤት ግድግዳ ተደግፎ እንደሚደርቅ ተስማሙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲላስ ራሱ መጥቶ ሊወስደው ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ መሥሪያ ቤቱ ሲላስን መዝገብ አምጣ ብሎ ወርቃ ላከው፤ ወርቃ ደግሞ ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ጓንጉልም በዚያው ቅዳሜ ሐዋሳ የሆቴል ግድግዳ የመሳል ሥራ አግኝቶ ጠዋት መሄድ ነበረበት። ስለዚህ ከመናኸሪያው አሚንና ነብዩ የሚባሉ ሁለት ተሸካሚዎች ጠርቶ ትእዛዝ ሰጠ።

«ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ እንዳታስተኙት። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ መንገጫገጭ የለም። ማንም እንዳይነካው። እናንተም በመንገድ ላይ ወሬ አታብዙ።»

አቧራና ዝንብ እንዳያርፍበት ደግሞ ከላይ በፍሬሙ ላይ ጨርቅ ጣል አደረገበት። ቤቱ ውስጥ የተገኘው ንጹሕ ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር። ቀለሙም ጥቁር።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ አገር ሰው ከሆንክ ቀሪውን ትጨርሰዋለህ። በእኛ ዘንድ የአንድ ወጣት ምስል በትልቁ ተሠርቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ በሁለት ዝምተኛ ሰዎች ተይዞ በአስፋልት መሐል በቀስታ የሚሄደው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አሚንና ነብዩ ዋናው መንገድ ላይ እንደወጡ የባጃጆቹ ሙዚቃ ጠፋ። ጉሊት የተቀመጡ ሴቶች ብድግ አሉ። ጫማ የሚያስጠርግ አንድ ሰው አንድ እግሩ ጥቁር፣ ሌላው አቧራ እንደሆነ ቆመ። ይህ ሰው አቶ ወልደዮሐንስ ነበሩ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ሲቆዩ አንድም ሞት ቀድሟቸው አያውቅም፤ አንዳንዴም እሳቸው ሞቱን ይቀድሙታል እየተባለ ይታማሉ።

«ማን ነው ልጄ?» አሉ ቆባቸውን አውልቀው።

«ሲላስ የሚባል ልጅ ነው» አለ አሚን።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቱ።»

«ምን ሆኖ?»

ነብዩ ወሬ እንዳያበዙ የተነገራቸውን አስታወሰና ራሱን በኀዘን ነቀነቀ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ነፋሱ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርገው ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ቃሉን ሰጠ።

«ፊቱን አያችሁት? አረንጓዴ ሆኗል እኮ!»

«ጉበት ነው።»

«ኧረ ወባ ነው፣ ከዓይኑ ሥር እዩት!»

«ዝምተኛ ስለነበር ነው ሐኪም ቤት ያልሄደው። ዝምታ ይገድላል።»

የዘመኑ ሥነ ጥበብ በዲላ ሰፊ ሕዝብ ዘንድ ያለ አስረጂ የተተረጎመበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው። የተተረጎመው በስሕተት ነው፤ ግን በሙሉ ድምፅ።

ሲላስ የሚኖርበት ግቢ አከራዩ እትዬ የትምወርቅ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት በርሜሉን አልሞላህም ብለው ከኋላው እየጮሁ የሸኙትን ልጅ፣ ከቀትር በፊት በጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በሁለት ሰው ተይዞ በበራቸው ሲገባ አዩት። ጩኸታቸው ከጥሩምባው ቀደመ፤ አቶ ወልደዮሐንስ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ንፍሮ ተጣደ። ሥዕሉ ወንበር ላይ ተደግፎ ከፊት ተቀመጠ። «አስከሬኑስ?» ሲባል «ከሐዋሳ እየመጣ ነው» ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የጠየቀ ሰውም ይኸው አንድ ብቻ ነበር። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ «እውነት ነው ወይ?» የሚል ጨዋ ሰው የለምና።

ሲላስ ከወርቃ በአይሱዙ ጋቢና ተጣብቦ በዘጠኝ ሰዓት ዲላ ገባ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ሞቷል፤ ያን ቀን በእውነት የሞተው ስልኩ ብቻ ነው። ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ድንኳኑን አየ፤ የእሱ ግቢ በር ላይ። እትዬ የትምወርቅ! ጠዋት ሲጮሁ ደማቸው ከፍ ብሎ ነው፣ በርሜሉን ስላልሞላሁ ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ኮቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እያለቀሰ ገብቶ፣ እንደ ወጉ ማንንም ሳይጠይቅ በወንዶቹ ወገን የመጨረሻዋ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ማንም አላወቀውም። ለምን ያውቀዋል? ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ጠጋ በል ወንድሜ» አለው አጠገቡ ያለ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው። ሲላስ ጠጋ አለ። አንዲት ሴት ንፍሮ ዘገነችለት፤ ከወርቃ ጀምሮ ምንም አልቀመሰምና በላ። እየበላም ቀና ሲል እትዬ የትምወርቅን አያቸው፤ በሕይወት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ በሹክሹክታ። ነውር መሆኑን ያውቃል።

«ሲላስ የሚባል ልጅ ነው» አለው ባለ ግራጫ ጃኬቱ። «ታውቀው ነበር?»

ሲላስ በሰዎቹ ትከሻ መሐል አሻግሮ ሥዕሉን አየ። አረንጓዴው ጉንጭ አየው።

«ትንሽ» አለ።

በዚህ ቅጽበት ተነሥቶ «አለሁ!» ማለት ነበረበት። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይህን ያደርጋል። ግን እትዬ የትምወርቅ መናገር ጀመሩ።

«አራት ዓመት! አንድ ቀን መብራት አብርቶ ያላደረ! ሲገባ በሩ ድምፅ የማያሰማ፣ የኔ ድመት!»

ሲላስ የሁለተኛውን ጭብጥ ንፍሮ በእጁ እንደያዘ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ተነሡ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በስሙ ጠርተውት የማያውቁት ኃላፊ። «የመሥሪያ ቤታችን ምሰሶ ወደቀ» አሉ። አንድ ሽማግሌ «የአባቴን የመሬት ፋይል ያገኘልኝ እሱ ነው፤ አመሰግናለሁ ሳልል!» ብለው ተንሰቀሰቁ። ሲላስ ያንን ፋይል ያስታውሰዋል፤ እጃቸውንም ያስታውሰዋል፤ ፊታቸውን ግን ያየው ያን ዕለት ነው። እንዲህ ነው ሰው የሚወደደው ለካ! ደረቱ ሞቀው። ትንሽ ልቆይ አለ። ሌባ ከሆነ የሰረቀው የራሱን ነው።

ከዚያ ወይዘሮ አመለወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሙሾ ይቅርብዎ ካለቻቸው ቆይቷል፤ እሳቸው ግን «ይኼ ሙሾ አይደለም፣ ምስክርነት ነው» እያሉ ይቀጥላሉ። ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ስሙን ከየት እንደሚያውቁት ያንጊዜ ነው የገባቸው፤ ትንቢት የጠየቀቻቸው ልጅ፣ ያ ጆሮ። አሁን ከነሙሉ ፊቱ እያያቸው ነው። ድምፃቸው ከልባቸው ወጣ፦

«መዝገብ አገላባጭ፣ ስም ፈላጊ ሳለ፣
የራሱን ሳይጽፈው ስሙ ተነቀለ።

እንዲህ ያለ አማች በደጄ እያለ፣
ግባ እንኳ ሳልለው መንገዱን ቀጠለ!»

ድንኳኑ ተናወጠ። ባለ ግራጫ ጃኬቱ አለቀሰ። ሲላስም አለቀሰ፤ ስለ ራሱ ያለቀሰ የለም እንዳይባል። ዕቅዱ ተሳክቷል እኮ! ሥዕሉ ታይቷል፤ «አማች» ተብሏል፤ በአደባባይ፣ በግጥም! አንድ ትንሽ እንከን ብቻ ቀርታለች።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቡሌ ላለችው እናቱ መርዶ የሚነግር ሰው እንምረጥ። በስልክ አይሆንም። አሁን የተነሣ ሰው ሳይመሽ ይደርሳል።»

ንፍሮው ከሲላስ እጅ ተበተነ። እናቱ፣ እሱን ለመጥራት ሦስት ስም የምትጨርሰዋ፣ አሁን ያለ ሦስቱ ስም፣ በቀጥታ የእሱን ብቻ ልትጠራ ነው። ብድግ አለ።

«እናቴ ጋ ማንም አይሄድም!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ።

በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይህ ጥያቄ ለሲላስ ቀረበለትና ለሁለተኛ ጊዜ መልሱ ጠፋበት። ጣቱን ወደ ሥዕሉ ቀሰረ። ሰዉ ሥዕሉን አየ፤ እሱን አየ፤ ተመልሶ ሥዕሉን አየ።

«በኢየሱስ ስም!» ያለች አለች። «አዑዙ ቢላህ!» ያለም አለ። አንድ ሰው «አረንጓዴ አይደለም እኮ፣ እሱ አይሆንም» ብሎ ተከራከረ። ነገሩን የቆረጡት እትዬ የትምወርቅ ናቸው፤ ቀስ ብለው መጥተው፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳብሰው፣ በጥፊ አጮሉት።

«በርሜሉን ሳትሞላ!» አሉ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙበት።

ትንቢት ለሥልጠና ሐዋሳ ነበረች፤ ሞቱንም መነሣቱንም በአንድ ስልክ ሰማች። በማግሥቱ ስትመለስ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች።

«ንፍሮውን በላኸው?»

«አንድ ጭብጥ ተኩል።»

«ቁጭ ብለህ ስትወደስ!»

«ትንቢት፣ ማንም አላወቀኝም እኮ። ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆሞ እንኳ።»

ይህን ሲል ቁጣዋ ጠፋ። «ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አሁኑኑ። ግጥሙ ሳይቀዘቅዝ።»

ሽማግሌ ለማግኘት አልተቸገረም። አቶ ወልደዮሐንስ ያለ ሞት ጥሩምባ በመንፋታቸው አፍረው ነበርና ለካሳ ያህል ራሳቸው ተነሡ፤ የእድሩን ጸሐፊ አቶ ሸምሰዲንንም አስከተሉ። ወይዘሮ አመለወርቅ በክብር ተቀበሏቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ጉዳዩን ሰሙ፣ ከዚያም እጃቸውን አጣጠፉ።

«እኔ የተናገርኩት ለሞተ ሰው ነው» አሉ። «የሞተ ሰው ደግሞ ሚስት አይፈልግም።»

«ሙሾ ቢሆን ኖሮ ልክ በሆኑ ነበር» አሉ አቶ ሸምሰዲን ለስለስ ብለው። «እርስዎ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምስክርነት ነው ሲሉን ኖረዋል። በቃለ ጉባኤም ተይዟል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ምስክርነት ደግሞ ሰውዬው ስለተነሣ አይሻርም።»

ወይዘሮዋ ዝም አሉ። ዲላ ውስጥ ወይዘሮ አመለወርቅ ዝም ያሉበት ቀን ይህ ሁለተኛው ነው ይባላል፤ የመጀመሪያውን የሚያስታውስ የለም። ግን ሲቸገሩ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም።

«እሺ፣ ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ በሦስት ሰው አፍ ይጸናል። ያን ቀን ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሲያወድሰው ነበር። ከመካከላቸው ሦስቱ እዚህ ሳሎን ይምጡ፤ ልጁ ፊት ለፊታቸው ይቀመጥ፤ ያንኑ ቃል በደረቅ ዓይን ይድገሙት። በሕይወት ለቆመ ሰው! ይህን ካገኛችሁልኝ ልጄን እሰጣለሁ። ቡና ለቀማ ከተጀመረ ሰው ሁሉ ይበተናል፤ ከዚያ በፊት።»

ቀላል ነገር ይመስላል። ሞክሩት። እትዬ የትምወርቅ መጡ፤ ሲላስ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያዩት «መብራት አያሳድርም» ብለው ጀመሩና «በርሜሉን ግን…» ብለው ተሰናከሉ። ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው በርሜሉን በጥርሳቸው ነክሰው ያዙት፤ አለፉ። ጓንጉል ሠዓሊው በዚያ ቀን ለቅሶው ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም ሥዕሉ እሱን ወክሎ ከፊት ተቀምጧል ተብሎ ተፈቀደለት። «አራት ቅዳሜ አየሁት፤ ፊቱ ውስጥ ውሸት አላገኘሁም፤ ባገኝ ኖሮ እሥለው ነበር» አለ። አለፈ።

ሦስተኛው ጠፋ። አቶ ወልደዮሐንስና አቶ ሸምሰዲን ሽማግሌ ናቸውና ምስክር መሆን አይችሉም። ፋይል የተገኘላቸው አዛውንት «ልጁ ከተነሣ ምን ችግር አለ?» ብለው ወደ ቡናቸው ሄዱ። «ምሰሶ ወደቀ» ያሉት ኃላፊ «ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ» አሉ፤ በጽሑፍ ቀረበ፤ ጽሑፉ እንደ ደንቡ ወደ መዝገብ ቤት ተመራ፤ ሲላስ ራሱ ማኅተም መትቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በሙሉ ድምፅ ያለቀሰ ሕዝብ በሕይወት ላለ ሰው አንዲት ቃል ሲጠየቅ እግሩን ያመዋል፣ ቀጠሮ አለበት፣ ጉንፋን ይይዘዋል።

ሥዕሉ ደርቋል። ማንም ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው አልደፈረምና በሲላስ ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። የቡናው ፍሬ ደግሞ መቅላት ጀምሯል። ወይዘሮ አመለወርቅ የመጨረሻውን ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ የፊታችን ቅዳሜ፣ በስምንት ሰዓት፣ በሳሎናቸው። ትንቢት ለሦስተኛው ምስክር አንድ ወንበር ባዶ አድርጋ አስቀምጣለች።

እንግዲህ አንተ፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጥከው፣ ግራጫ ጃኬት የለበስከው፣ «ጠጋ በል ወንድሜ» ብለህ አጠገብህ ያስቀመጥከው፣ ግጥሙ ሲወርድ ያለቀስከው! ይህን እያነበብክ እንደሆነ ይታወቃል። አንተ ባትሆን እንኳ፣ በዚያች መስኮት ቀዳዳ እጅህን ያስገባህበት፣ ፋይልህ ተገኝቶልህ የወጣህበት አንድ ቀን አይጠፋህም። ቅዳሜ ና። መሐረብ አትያዝ። ገብተህ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ልጁን ፊት ለፊት እየው፣ በስሙ ጥራውና እንዲህ በል፦ «ሲላስ፣ አንተ…»